የአሸዋ በር ብርድ ጠባቂዎች

ሰው ከብት ይጠብቃል፣ ማሳ ይጠብቃል፣ ዕድሉ ከሆነም የመንግሥት መጋዘን ይጠብቃል። እኔ የሥራ ዘመኔን ሙሉ የጠበቅሁት ብርድ ነው። ያውም በሽሎ ወንዝ አፋፍ ላይ፣ ሚያዝያ ሲገባ ድንጋይ በእጅ በማይነካበት፣ ፍየል እንኳ ከረፋዱ ጀምሮ ጥላ ፍለጋ የሰው ደጅ ገብቶ በሚተኛበት በአሸዋ በር። ባለፈው ሰኔ ጡረታ ስወጣ የጤና ጣቢያው ልጆች "ሲስተር፣ እንግዲህ ምን ሊሠሩ ነው?" ሲሉኝ "ልሞቅ" አልኋቸው። ቀልድ መስሏቸው ሣቁ።

ትውልዴ ንፋስ መውጫ ነው። ስሙን ያወጡት ሰዎች አልዋሹም፤ በልጅነቴ ብርድ ከኋላ ከኋላችን የሚያሳድደን ጠላት ነበር። አንድ ቀን ብርድን እንደ ጥጃ አስረሽ ትጠብቂያለሽ ብትሉኝ እብድ ናችሁ ባልኋችሁ። የጤና ረዳትነት ተምሬ መጀመሪያ የተመደብሁት እስቴ ነበር። እዚያ ሕፃን እንዴት እንደሚያዝ፣ መርፌ እንዴት ከዓይን እንደሚሸሸግ፣ ልጇ ያለቀሰባት እናት የምትወረውረው ስድብ እንዴት በፈገግታ እንደሚመለስ ተማርሁ። ከዚያ አለቃዬ ጠርተው "ስማዳ ቆላ፣ አሸዋ በር ተመድበሻል" አሉኝ። ወሬው ሲሰማ ባልደረቦቼ ተራ በተራ እየመጡ "እግዜር ያጽናሽ" አሉኝ። ሰው የሞተብኝ ነበር የሚመስለው።

ወደ ቆላው ከመውረዴ በፊት የወረዳው ከተማ ወገዳ ላይ ከጋሽ አየነው ዘንድ እንድሠለጥን ታዘዝሁ። ጋሽ አየነው የወረዳው የክትባት ማቀዝቀዣ ኃላፊ ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጉልበታቸው ሁልጊዜ አቧራ የለበሰ ሰው። ጉልበታቸው አቧራ የለበሰው በጸሎት ብቻ አይደለም። ያኔ የኛ አገር ማቀዝቀዣ በኤሌክትሪክ ሳይሆን በላምባ ነበር የሚሠራው። ከሥሩ የላምባ ገንዳና እንደ ፋኖስ ያለ ክር አለው፤ ክሩ ይለኮሳል፤ የእሳቱ ሙቀት በጀርባው ቧንቧ ሲወጣ ውስጡ ይቀዘቅዛል። እሳት እንዴት አድርጎ ብርድ እንደሚወልድ ጋሽ አየነው በሥዕል አስረድተውኛል፤ ገባኝም፤ ግን እስከ ዛሬ ልቤ ሙሉ በሙሉ አላመነም።

ጠዋት ጠዋት በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ ጉንጫቸውን መሬት ሊያስነኩ ምንም አይቀራቸውም፣ እሳቱን ያዩታል። "ሰማያዊ ከሆነ ሰላም ነው። ቢጫ ከሆነ ጥቀርሻ እያበላሽው ነው፤ ክሩን ከርክሚ" ይላሉ። ማቀዝቀዣው አናት ላይ ውሃ የሞላ ሰሐን ያስቀምጣሉ። ውሃው ወደ አንድ ወገን ካደላ ማቀዝቀዣው ዘሟል ማለት ነው፤ የዘመመ ማቀዝቀዣ ደግሞ አይቀዘቅዝም፤ በእግሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ይገባለታል። ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን በሩን ሲከፍቱ ነበር። የሚያወጡትን ነገር ጮክ ብለው ሳይናገሩ አይከፍቱም። "የፖሊዮ ሁለት ብልቃጥ ላወጣ ነው" ይሉና ከፍተው፣ አንስተው፣ ዘግተው፣ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ። አንድ ጊዜ እኔ ከፍቼ ውስጡን ሳማትር እጄን ቸብ አደረጉኝ። "ሆድሽን ሳታውቂ የሰው ጓዳ አትክፈቺ" አሉኝ። ስንለያይ የሰጡኝ ምክር አጭር ነበር፤ "ልጄ፣ የሞቀ ክትባት መልኩ አይለወጥም፤ ማንም አያውቅብሽም። የተጠራጠርሽውን አፍስሺው።"

አሸዋ በር ከተማ የሆነችው ሰው ስለ ወደዳት አይደለም፤ ሰው ስለ ደከመው ነው። ከደጋው ገብስና ባቄላ ጭኖ የሚወርደው ነጋዴ፣ ከወሎ ወገን ጥጥና ጨው ይዞ የሚመጣው ነጋዴ፣ ሁለቱም ወንዙን ከመሻገራቸው በፊትም በኋላም አንድ ትልቅ የሮቃ ዛፍ ሥር ያርፋሉ። ሰው ባረፈበት ጠላ የምትሸጥ ሴት ትመጣለች፤ ጠላ ባለበት ቤት ይሠራል፤ ቤት ካለ ቅዳሜ ገበያ ይቆማል። ሽማግሌዎቹ የሚነግሩት ታሪክ ይኸው ነው። ወንዙ የስማዳና የወሎ ድንበር ነው ይባላል። ለኛ ግን ድንበሩ ክረምት ነበር። በበጋ በሽሎ ቁርጭምጭሚት ስለማይደርስ ማዶና እዚህ አንድ መንደር ነን፤ ሙሽራ ይሻገራል፣ ፍየል ይሻገራል፣ የማዶዎቹ ሙስሊሞች ለጥምቀት፣ እኛ ለአረፋ እንጠራራለን። ሰኔ ላይ ደጋው ሲዘንብ ወንዙ ይሞላል፤ እስከ መስከረም መጨረሻ ማንም አይሻገርም።

ያን ጊዜ የሚቀረው ድምፅ ብቻ ነው። እሑድ እሑድ ወንዙ ጠበብ ከሚልበት አፋፍ ላይ ሁለቱም ወገን ይወጣና ይጠራራል። ማን ወለደ፣ የማን ላም ጠፋች፣ ማሽላው እንዴት ሆነ። ለዚህ ድምፀ መረዋ ጠሪ አለ፤ የኛ ወገን ጠሪ አያ ደምለው ይባል ነበር። ሲጠራ ዋሻ ውስጥ ያለ እርግብ ይበርራል ይሉታል። አንድ ሕግ ግን አለ፤ መርዶ በውሃ ላይ አይጣልም። ሰው ቢሞት እንኳ በጥሪ አይነገርም፤ ሐዘንተኛው ተሻግሮ ሊያለቅስ ካልቻለ ማወቁ ምን ያደርግለታል? ስለዚህ "እገሌስ?" ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ "ደህና ነው!" ነው። ይህን ሕግ መጀመሪያ ስሰማ ወደድሁት። በኋላ ግን እንቅልፍ ነሣኝ።

አያ ደምለው የኛ ክሊኒክ ዘበኛም ነበር። ትከሻው ሰፊ፣ ጺሙ ገና ያልሸበተ፣ ቀልደኛ ሰው። ከደጋ ጋቢ ይዤ መምጣቴን አይቶ "ልጄ፣ እዚህ ጋቢ የሚለብሰው ሬሳ ብቻ ነው" ብሎ ነው የተቀበለኝ። ደመወዛችን ከወገዳ በበቅሎ ስለሚመጣ ሲዘገይ በቅሎዋን ወክሎ ይቅርታ ይጠይቀኝ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ነው።

በሁለተኛው ዓመቴ ግንቦት ላይ ከወንዙ ማዶ ታች ቆላ ኩፍኝ ገባ የሚል ወሬ መጣ። ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል። ወንዙ ከሞላ የማዶ ልጆች እስከ ጥቅምት አይደረሱም። ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያ፣ ሮቃው ሥር፣ የሁለቱንም ወገን ልጆች እከትባለሁ ብዬ ቆረጥሁ። ክትባቱ ከወገዳ መጥቶ ማቀዝቀዣዬ ውስጥ ገብቷል። እኔ ራሴ ተሻግሬ በየመንደሩ እየዞርሁ እናቶችን ለመንሁ።

ከሁሉ ያስቸገረችኝ ዘሀራ ናት። የመጀመሪያ ልጇን በኩፍኝ ቀብራለች። ሁለተኛዋ ሰዓዳ ጡት ገና ያልጣለች፣ ዓይኗ ትልልቅ፣ ሰው ሲያናግራት አፍ አፉን የምታይ ልጅ ነበረች። ዘሀራ ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ "ለዚያኛውም መድኃኒት አለ ብለውኝ ነበር" አለችኝ። "ያኔ እኔ አልነበርሁም" አልኋት። ወጣት ስለነበርሁ እንዲህ ብሎ መናገር አላስፈራኝም። ብዙ ካየችኝ በኋላ "እሺ፣ ቅዳሜ" አለች።

አሁን ወደ ማቀዝቀዣው እንመለስ። ከከተማው ስወጣ አያ ደምለውን "ቤቱን አደራ" ብዬው ነበር። በዚያ ሳምንት የወረደው ሐሩር ሽማግሌዎቹም አይተን አናውቅም ያሉት ነው። ነፋሱ ከምድጃ አፍ የሚወጣ ይመስል ነበር። አያ ደምለው አደራውን ይዞ ተጨነቀ። ብርድ የሚቀመጥበት ሣጥን መሆኑን ያውቃል፤ ልጆች የሚድኑበት መድኃኒት ውስጡ መሆኑን ያውቃል። ጎንበስ ብሎ ሲያይ ደግሞ ከሣጥኑ ሥር እሳት ይነዳል! በዚህ ሐሩር፣ በዚህ ብርቅ ብርድ ሥር፣ እሳት! "ሲስተር ረስታው ሄዳ ነው" ብሎ እፍ አለው። በዚህም አልበቃውም። ጆንያ በወንዝ ውሃ እየነከረ ማቀዝቀዣውን አለበሰው፤ ጆንያው ሲደርቅ ደግሞ እንደገና ወንዝ ወርዶ ይቀዳል። የገዛ ቤቱ እንስራ ባዶ ሆኖ እየዋለ።

ቅዳሜ ጠዋት ከመንደር ስመለስ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ፊቱ በርቷል።

"ሲስተር፣ የዛሬውን ምርቃት ለሌላ እንዳትሰጪብኝ።"

"ምን አደረጉ አያ ደምለው?"

"ከሥሩ እሳት ትተሽ ሄደሽ አልነበር? ሐሙስ ዕለት አጠፋሁልሽ። አሁን ግቢና እጅሽን ጣል አድርጊበት፣ ጆንያው እንዴት እንደሚቀዘቅዝ!"

ጆንያውማ ቀዝቅዟል። በሩን ስከፍት ከውስጥ የወጣው አየር ግን እንደ ከሰዓት በኋላ ጎዳና ሞቃት ነበር። ቴርሞሜትሩን አየሁት፤ ደግሜ አየሁት። በበረዶ ማጠራቀሚያው ውስጥ በበረዶ ፈንታ ለብ ያለ ውሃ ነበር። ብልቃጦቹ ግን ጥርት ብለው ተደርድረዋል፤ ጋሽ አየነው እንዳሉት መልካቸው አልተለወጠም።

በመስኮቱ ስመለከት ዘሀራ ከሁሉ ቀድማ ሮቃው ሥር ተቀምጣለች። ሰዓዳን በነጭ ነጠላ አሰማምራታለች። ያን ቀን ያሰብሁትን ሁሉ አልክድም። ብወጋቸው ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ፣ እኔም እመሰገናለሁ፣ ማንም አያውቅም። ማንም የማያውቀው ግን ኩፍኙ እስኪመጣ ድረስ ነው። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ እየከፈትሁ አፈሰስሁ። አያ ደምለው በሩ ላይ ቆሞ እያየኝ ነበር። ምን እንደማደርግ ሲገባው ጭንቅላቱን ይዞ ቁጭ አለ።

ወጥቼ ለእናቶቹ እውነቱን ነገርኋቸው፤ መድኃኒቱ ሞቋል፣ ሌላ ከወገዳ እስኪመጣ ጠብቁኝ፣ የከተማው ሰው ያሳድራችኋል አልሁ። የኛ ወገኖች አጉረመረሙና ተቀመጡ። ዘሀራ ግን ብድግ አለች።

"ከዚህ ድረስ የጠራሽን ሙቀት ልታሳዪን ነው? እሱማ ቤታችንም ነበረ።"

በዚያ ላይ ደጋው ጠቁሯል፤ ከወዲያ ነጎድጓድ ይሰማል። የማዶ ሰዎች ደጋው ሲጠቁር አያድሩም፤ ውሃው ከደመናው በኋላ በፍጥነት ይመጣል። ዘሀራ ልጇን አዝላ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ተሻገረች። ከሰዓት በኋላ በሽሎ ደፍርሶ፣ ግንድ እያንከባለለ ሞላ። ያን ዓመት ክረምቱ ቀድሞ ገባ፤ ውሃው ከዚያ ወዲያ አልጎደለም። ከወገዳ አዲስ ክትባት ሲመጣ የኛን ልጆች ከተብን። የማዶዎቹ በማዶ ቀሩ።

አለቃዬ ከወገዳ በቁጣ መጡ፤ ጋሽ አየነውም አብረው መጡ። አለቃዬ "ይህ ሰው ዛሬውኑ ይሰናበታል" አሉ። አያ ደምለው አልተከራከረም፤ ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ጋሽ አየነው ግን እንደ ልማዳቸው ማቀዝቀዣው ሥር ተንበርክከው ነበር። ሳይነሡ፣ ከዚያው ሆነው ጠየቁ።

"ለዚህ ሰው እሳቱ እንደሚያቀዘቅዝ የነገረው ማን ነው?"

እኔ አልነገርሁትም፤ አለቃዬም ንገሪው አላሉኝም።

"እኔም ካልተነገረኝ አጠፋው ነበር። ጤነኛ ሰው ሁሉ ያጠፋዋል" አሉ ጋሽ አየነው። "ደምለው፣ ና ተንበርከክ።"

ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን ተንበረከኩ። ጋሽ አየነው ክር መከርከሙን፣ ጭስ ማውጫውን መጥረጉን፣ ሰማያዊውንና ቢጫውን አሳዩት። ሲጨርሱ ቁልፉን አንሥተው መልሰው አንገቱ ላይ አጠለቁለትና ለአለቃዬ "ጌታዬ፣ በዚህ ወረዳ ይህን እሳት ከእንግዲህ የማያጠፋ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው" አሏቸው። አለቃዬ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብለው አጉረመረሙ፤ ግን ተዉት።

ከዚያ በኋላ ያለው ክረምት ረጅም ነበር። እሑድ እሑድ አያ ደምለው አፋፉ ላይ ይወጣል። ከሁሉ በፊት፣ የማሽላውን ወሬ እንኳ ሳይጠይቅ፣ ያን ድምፁን አውጥቶ ይጠራል።

"ሰዓዳስ? የዘሀራ ልጅ ሰዓዳስ?"

ከማዶ "ደህና ናት!" ይመጣል።

መልሱ ምንም አይነግረንም። ሐምሌ ላይ ማዶ ሰው ተሰብስቦ ወደ መቃብሩ ኮረብታ ሲወጣ አየን። ሳይቆይ እንደገና አየን። የተሸከሙት ትንሽ ነው፤ ማን እንደሆነ ግን ከዚህ አይታይም። በሚቀጥለው እሑድ "ሰዓዳስ?" ሲል ድምፁ ተሰነጠቀ። "ደህና ናት!" አሉ። አያ ደምለው ወደ እኔ ዞሮ "ይህን ሕግ ያወጣው ሰው ልጅ አልነበረውም" አለኝ። ቀልዱ ከአፉ ጠፋ፤ ሚስቱ እህል አልበላ አለኝ ብላ መጥታ አለቀሰችብኝ። እኔም ከቤቴ ገብቼ አለቀስሁ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይላሉ፤ እኛ ግን መፍሰሱን እንኳ ሳናውቅ ነበር የቆየነው፣ ክረምቱን ሙሉ።

ጥቅምት ላይ ወንዙ ጎደለ። በመጀመሪያው ቅዳሜ አያ ደምለው ከንጋት ጀምሮ መሻገሪያው ላይ ቆመ፤ እኔም ሥራ እንደሌለኝ ሁሉ አጠገቡ። ሰዎች ቀሚሳቸውን ሰብስበው መሻገር ጀመሩ። ከመካከላቸው ዘሀራን አየናት። ጀርባዋ ላይ የታዘለ ነገር አለ። ውሃውን አጋምሳ ስትመጣ ከትከሻዋ በላይ አንዲት ትንሽ ራስ ብቅ አለች።

አያ ደምለው ውሃው ውስጥ ገባ። እግሯ ላይ ሊወድቅ ሲል ዘሀራ በአንድ እጇ ክንዱን ያዘችው።

"ይነሡ አያ ደምለው፣ ልብስዎ ራሰ።"

"ማሪኝ ልጄ።"

"ይነሡ እንጂ! ይችን ልጅ ኩፍኝ ይዟት ነበር። ዓይኗን ጨፍና፣ ጡት አልይዝ ብላ፣ እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር። እሑድ እርስዎ ስሟን ሲጠሩት ግን ዓይኗን ትገልጥ ነበር። በየሳምንቱ እሑድን ነበር የምጠብቀው።"

ሰዓዳ ቀኝ ዓይኗ እንደ ድሮው ነው፤ በግራው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ቀርቷል። ኮረብታው ላይ የተቀበሩት የጎረቤት ልጆች ነበሩ። ይህን ሁሉ ውሃው ዳር ቆመን ሰማን፤ አለቀስንም። ከዚያ ዘሀራ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች።

"አሁንስ ቀዘቀዘ?"

ቀዝቅዞ ነበር። ሰዓዳ ኩፍኙን ስለ ተሻገረችው የቀሩትን ክትባቶች ወጋኋት። ሰዓዳ ጮኸች፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ጩኸት በሥራ ዘመኔ አልሰማሁም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን የደስታ ነው። አያ ደምለው የእሳቱ አለቃ ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ከመሳለሙ በፊት እሳቱን ይሳለማል ብለው ያሙታል። የሙሽራ ሚዜዎች ጠላ እናቀዝቅዝ ብለው ቢለምኑት፣ ትልቅ ሹም ከወገዳ መጥቶ ለስላሳውን ቢሰጠው፣ "ይህ ቤት የሕፃናት ነው፣ ሹመትዎን ወንዝ ያቀዝቅዘው" ብሎ ይመልሳል። ማዶ ያሉ እናቶች በየግንቦቱ ሳይጠሩ መምጣት ጀመሩ፤ ከፊት የምትመራው ዘሀራ ነበረች። ያልመጣች እናት ካለች እኔ አልለምናትም፤ ዘሀራ ሄዳ ትሳደባታለች፣ ስድቧ ከኔ ልመና ይበልጥ ይሠራል። በመካከሉ ወደ ንፋስ መውጫ አዛውረውኝ ጥቂት ዓመት በኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣ ሠራሁ። ለመብራቱ ማን ይንበረከካል? አገሬ ላይ ሆኜ ባይተዋር ሆንሁ። "አሸዋ በር መልሱኝ" ብዬ ስጠይቅ ሐኪም እንዲያየኝ የመከሩኝ ነበሩ፤ በመጨረሻ ግን መለሱኝ።

ጋሽ አየነው ካረፉ ቆይተዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። እኔ ግን ዛሬም ቤቴ ያለችውን ትንሽ ማቀዝቀዣ ስከፍት "ሽንኩርት ላወጣ ነው" ሳልል አልከፍትም። ልጄ ጎረቤት እንዳይሰማ በሩን ይዘጋል።

አሁን የመጨረሻዬን ቀን ልንገራችሁ። ጡረታዬ ሊደርስ ሲል ጤና ጣቢያ የሆነው ክሊኒካችን አዲስ ማቀዝቀዣ መጣለት፤ በፀሐይ የሚሠራ። ጣራው ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተዘርግቶ ፀሐይዋን ይቀበላል፤ ከታች ውስጡ ይቀዘቅዛል። ዕድሜዬን ሙሉ ስዋጋት የኖርኋት ፀሐይ ተቀጥራ ልትሠራልኝ መጣች። ሰኔ ነበር፤ ወንዙ ሞልቷል። ለስንብቴ ከተማው ተሰበሰበ። አያ ደምለውም መጣ፤ አሁን ዘንግ ይዞ፣ ጎብጦ ነው። ክንዱን ይዛ ያመጣችው ሰዓዳ ናት። አሸዋ በር ላይ ባለ ሱቅ አግብታ ወልዳለች፤ ትንሿን ልጇን ታቅፋለች።

አያ ደምለው ማቀዝቀዣውን አየና እንደ ጥንቱ ተንበረከከ። ጉንጩን ወደ መሬት አዘንብሎ ከሥሩ አየ። በእጁም ዳበሰ።

"እሳቱስ?"

ያን ያጠፋውን እሳት እሱ ባለበት በጨዋታ የሚያነሣ ሰው በዚያ ከተማ ኖሮ አያውቅም። ከኔ የተረከበችው ወጣት ነርስ ግን ይህን አታውቅም።

"እሳት የለውም አባባ። ያለ እሳት ነው የሚቀዘቅዘው።"

"ያለ እሳት?"

"አዎ። ፀሐይዋ ናት።"

ከተንበረከከበት አልተነሣም። ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የሚያለቅስ መስሎኝ ወደ እሱ ተራመድሁ። ቀና ሲል ግን እየሣቀ ነው፤ እንባው በጺሙ ላይ እየወረደ፣ እየሣቀ።

"ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ? ቸኮልሁ እንጂ!"

መጀመሪያ የሣቀችው ሰዓዳ ናት። ከዚያ ቤቱ ሁሉ ሣቀ፤ እኔ ግድግዳ ይዤ ነው የቆምሁት። ሣቁ ጋብ ሲል "የኩፍኝ አንድ ብልቃጥ ላወጣ ነው" ብዬ ጮክ አልሁ፤ ከፍቼ፣ አንሥቼ፣ ዘጋሁ። የመጨረሻው መርፌዬ የሰዓዳ ልጅ ክንድ ላይ ገባ። ልጅቱ እንደ እናቷ ጮኸች።

ዛሬ ሁሉም ሰው ስልክ አለው። ሰዓዳም ለእናቷ ልትደውል ስልኳን አወጣች። አያ ደምለው ግን እጇን ያዘ፤ "ይህ የኔ ነው" አለና ዘንጉን ይዞ ወጣ። ሁላችንም ተከትለነው አፋፉ ላይ ወጣን። በሽሎ ቀይ ሆኖ ይጮሃል። ማዶ ዘሀራ ከቤቷ ደጅ ቆማለች፤ ነጠላዋ ይታያል። አያ ደምለው ደረቱን ነፋ። ድምፁ አርጅቷል፤ ወንዙን ግን ተሻገረ።

"ዘሀራ! የልጅ ልጅሽ ተከተበች! ያለ እሳት ቀዝቅዞ ተከተበች!"

ከዚያ የዘሀራ ድምፅ በውሃው ላይ መጣ፣ በሣቅ የተቆራረጠ።

"አያ ደምለው! አሁንም አጠፉት?"

አያ ደምለው ዘንጉን ወደ ሰማይ አነሣ።

"አጠፋሁት!"